‹‹የማን ልጅ ነሽ?››

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምስክርነት ተጠርቼ አንድ የቤተሰብ ችሎት ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን አሳልፌ ነበር። ጎረቤቶቼ ተፋትተው ነው። ፍቺው እንኳ ብዙም አላስቸገረም። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ዕቃውም ያለቀለት ስለነበር ይህን ያህል የሚያጣላ ንብረት አልነበራቸውም። መካፈል ያልቻሉት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጃቸው።

የጠራችኝ እናትየዋ ናት። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁናል። ያዩትን ብቻ ይናገሩልኝ›› አለችኝ። ‹‹ያዩትን ብቻ›› የሚባለው ነገር በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ መቼም ይታወቃል። ለእኔ የሚበጀውን ብቻ ማለት ነው። እኔም ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ፣ ስለ እናትየዋ ትጋት ሦስት ነገር፣ ስለ አባትየው አምሽቶ መግባት ሁለት ነገር አሰናድቼ ነበር የሄድኩት።

እናት አግዳሚ ወንበሩ አንድ ጫፍ ላይ፣ አባት ሌላው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ሴት አያቷ አሉ፤ ከእሳቸው ጎን ደግሞ ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ተቀምጣለች። የበሩ ጥበቃ ሊያጫውታት ብሎ ጎንበስ አለና ‹‹አንቺ ቆንጆ፣ የማን ልጅ ነሽ?›› አላት። ልጅቷ ወደ እናቷ አየች። ወደ አባቷ አየች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ‹‹የእማማ›› አለች። እማማ የምትላቸው አያቷን ነው።

ጥበቃው ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ያቺ ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሁላችንም እኮ ‹‹የማን ልጅ ነህ?›› ስንባል ነው ያደግነው። ሱቅ ስንላክ ተጠይቀናል፤ የሰው አጥር ስንነቀንቅ ተይዘን ተጠይቀናል። ጠያቂው ስማችንን አልነበረም የሚፈልገው። ማንን ይዞ፣ ለማን ከስሶ፣ ከማን ካሳ እንደሚቀበል ማወቅ ነው የሚፈልገው። ልጅ ባለቤት አለው ማለት ነው። ታዲያ ባለቤቶቹ ሁለት ሆነው ሲጣሉስ?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ እንደየአገሩ ይለያያል። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠር ነበር። ባልና ሚስት ቢለያዩም ልጁ ከሁለቱም ወገን መሬት የመጠየቅ መብት ስለነበረው ሁለቱም ዘመድ ጨርሶ ሊተወው አይፈልግም። የትም ያድግ የት፣ የአባቱንም የእናቱንም የዘር ሐረግ እንዲያውቅ ይደረግ ነበር። በኦሮሞ፣ በሶማሌ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በሌሎችም ዘንድ ደግሞ ትውልድ የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው፤ ልጁ የሚጠራው በአባቱ ጎሳ ነው። እናቲቱ ብትፋታ ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች፤ የልጁ ስምና ወገን ግን የአባቱ ሆኖ ይቀራል። በሁለቱም ሥርዓት ልጁ መሬትን፣ ከብትንና ስምን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ። በርስት ዘመን የተፈጠረው ‹‹የእኛ ወገን፣ የእነሱ ወገን›› የሚለው ንግግር ግን መሬቱ ከሄደ በኋላም አልሄደም። ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ የሁለቱም ወገን አጎቶች በየማዕዘኑ ቆመው ሲንሾካሾኩ የሰማሁት ይህንኑ ነው።

ሕጉ የሚጠቀምባቸው ቃላትም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በሕጋችን ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ‹‹አሳዳሪ›› እና ‹‹ሞግዚት›› አለው። አሳዳሪው ልጁን ራሱን የሚጠብቅ ነው፤ የት እንደሚኖር፣ ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ከማን ጋር እንደሚውል የሚመለከተው እሱን ነው። ሞግዚቱ ደግሞ የልጁን ንብረት የሚያስተዳድር፣ በሕግ ፊትም ስለ ልጁ ሆኖ የሚቆም ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። በመንደር ቋንቋ ግን ሞግዚት ማለት ሕፃን የምታዝል ተቀጣሪ ናት፤ አሳዳሪ ማለት ደግሞ አሽከር የሚያሳድር ጌታ ነው። ‹‹ሞግዚትነቱን ለእኔ ይወሰንልኝ›› የሚለውን አቤቱታ ራፖር ጸሐፊ የጻፈላቸው አንድ አዛውንት ‹‹እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሞግዚት ልሆን?›› ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ።

ሞግዚት ግን የቤተ መንግሥት ቃልም ነበር። አፄ ምኒልክ ታምመው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ፣ ወራሹ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ተደርገው ተሾሙ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ሌላ እንደራሴ አልተተካም፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የታሪክ መጻሕፍት ጉዳይ ነው። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን ግን የቃሉ ትርጉም ነው። ሞግዚቱ አልጋውን ይጠብቃል እንጂ አልጋው የእሱ አይደለም። ልጁ ሲያድግ ያስረክባል። ዛሬ ችሎት ደጃፍ የሚጋፉ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው።

የቤተሰብ ጉዳይ በአንድ ዓይነት ዳኝነት ብቻም አልተዳኘም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ቃዲዎችና ናኢባ ምክር ቤቶች የወጣው አዋጅ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነት ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን እንደገና አደራጀ፤ በሕገ መንግሥቱ መሠረትም ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ብቻ እንዲዳኙ ሆነ። የእስልምና ሕግ ሕፃኑን አቅፎ ማሳደግን ‹‹ሐዳና›› ብሎ ለእናት ያስቀድማል፤ በንብረትና በጋብቻ ጉዳይ ስለ ልጁ መቆምን ደግሞ ‹‹ዊላያ›› ብሎ ለአባት ይሰጣል። ሐዳና የሚያበቃበት ዕድሜ እንደየመዝሀቡ ይለያያል። በሻፊዒ መዝሀብ ልጁ ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምር፣ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ከአባቱና ከእናቱ እንዲመርጥ ይጠየቃል። እንግዲህ ልጁን ራሱን መጠየቅ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ፈረንጁ ራሱ እዚህ ለመድረስ ብዙ ሄዷል። በእንግሊዝ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 1839 ድረስ ልጅ የአባት ነበር፤ እናት ብትለያይ ልጆቿን የማየት መብት እንኳ በሕግ አልነበራትም። ካሮላይን ኖርተን የምትባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1836 ከባሏ ስትለያይ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወሰደባት። እሷ ደግሞ ብዕሯን አነሳች፤ ጽሑፍ እያሳተመች የፓርላማ ሰዎችን ወተወተች። እ.ኤ.አ. በ1839 የወጣው ሕግ እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን እንድታሳድግ፣ ከዚያ በላይ ያሉትንም እንድትጠይቅ ለፍርድ ቤት ማመልከት እንድትችል ፈቀደ። ባልየው ግን ልጆቹን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደማይደርስበት ወደ ስኮትላንድ ወስዷቸው ነበርና ሕጉ ለእሷ ለራሷ አልደረሰላትም። የመጨረሻው ልጇ እ.ኤ.አ. በ1842 ከፈረስ ወድቆ ሞተ። የሕፃኑ ደኅንነት ከሁሉም ይቀድማል ተብሎ በዚያ አገር ሕግ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው።

የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። አርቃቂው ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። ይህ ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ አስቀምጧል። ነገር ግን ወደ ቁጥር 681 ስንመጣ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ከፍቺ በኋላ የልጆች አጠባበቅና አኗኗር የሚወሰነው የልጆቹን ጥቅም ብቻ በመመልከት ነው ይላል። ‹‹ብቻ›› የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ቀጥሎም፣ ሌላ ውሳኔ የሚያሰጥ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ ያዛል።

ሕዝቡ ከዚህ ድንጋጌ የያዘው የኋለኛውን ነው። ‹‹እስከ አምስት ዓመት የእናት ነው፤ ከዚያ የአባት›› የሚለው አባባል እንደ ተረትና ምሳሌ አገሩን አዳረሰው። ሕጉ ‹‹ከዚያ የአባት›› የሚል ቃል የለውም። ከአምስት ዓመት በኋላም የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው። እኛ ግን የልጁን ጥቅም ትተን የዓመቱን ቁጥር ያዝን፤ ሕጉን እንደ እቁብ ተራ አደረግነው። መጀመሪያ እሷ ትወስዳለች፣ ቀጥሎ እሱ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ውሳኔው በማን እጅ እንደነበረ ነው። በዚያ ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። የጋብቻው ምስክሮች የነበሩ ሰዎች፣ እነሱ ካልተገኙም በሁለቱ ወገን የተመረጡ፣ ተቀምጠው ያፋታሉ፣ ንብረት ያካፍላሉ፣ የልጆቹንም ነገር ይወስናሉ። ሽማግሌ ቤተሰቡን ያውቃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚመጣው ከወገን ነው። የሴትየዋ ሽማግሌዎች በአንድ በኩል፣ የሰውየው ሽማግሌዎች በሌላ በኩል ተቀምጠው ‹‹ጥፋቱ የማን ነው?›› እየተባባሉ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ሰላም የሚወርደውም ብዙ ጊዜ ሰጥቶ በመቀበል ነው። ቤቱ ለእሷ ከሆነ ልጁ ለእሱ፤ ወንዱን አንተ፣ ሴቷን አንቺ። የልጁ ወገን የሆነ ሽማግሌ በዚያ ጉባኤ ላይ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር፤ ደርግ ሊወድቅ ልክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። አገር በጦርነት ተጨንቃ ሳለ ያ ሰነድ ኒውዮርክ መግባቱ ዛሬም ይገርመኛል። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 10 ጸደቀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ፍርድ ቤቶችም ሆኑ ሌሎች ተቋማት በልጅ ጉዳይ ላይ ሲወስኑ የልጁን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ደነገገ።

ከዚያ በኋላ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ የተሟገቱለት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ወጣ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው ይህ ሕግ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ባል የበላይ መሆኑ ቀረ። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። ሽማግሌዎች የማስታረቅ ሥራቸው ቀርቶላቸው የማፋታቱን ሥልጣን ፍርድ ቤት ወሰደው። የአምስት ዓመቱ ነገርም ጠፋ! በአንቀጽ 113 ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ይወስናል። ትምህርቱን፣ ጤናውን፣ ቀለቡን፣ ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚገናኙም በዚያው ይወስናል። ነገሮች ሲለወጡ ውሳኔውም ሊለወጥ ይችላል። እንግዲህ ይህ ሕግ ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው፤ ዛሬም ግን ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ‹‹አምስት ዓመት ሲሞላው ትወስደዋለህ›› ሲባል ትሰማላችሁ።

በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠውን አንድ ፍርድ እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ጉዳዩ የፍቺ አይደለም፤ ግን ከኛ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ታሳድገዋለች። ለዓመታት ያላሳደገው አባት መጥቶ አሳዳሪነቱና ሞግዚትነቱ ይሰጠኝ አለ። የቤተሰብ ሕግ አንዱ ወላጅ ሲሞት በሕይወት ያለው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል ስለሚል፣ የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና ኮንቬንሽኑን ጠቅሶ ሻረው። ወላጅ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ መታየት ያለበት ለልጁ የሚበጀው ነው አለ። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ ያ ፍርድ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። ስሜ ተጠርቶ ገባሁ። ያሰናዳኋቸውን አምስት ነገሮች በልቤ እየደጋገምኩ ቆምኩ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ‹‹አቶ እገሌ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ?›› አሉኝ። ‹‹አዎ፣ ክብርት ዳኛ።›› ‹‹ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ማን ነው?››

ይህን አላሰናዳሁም ነበር። እናትየዋ ማልዳ ሥራ ትወጣለች። አባትየው በዚያ ሰዓት አይነሳም። በየጠዋቱ በመስኮቴ የማየው አሮጊቷን ነው፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የልጅቷን እጅ ይዘው።

‹‹አያቷ ናቸው›› አልኩ።

‹‹ባለፈው ክረምት ታማ ነበር ተብሏል። ሐኪም ቤት ማን ወሰዳት?››

‹‹አያቷ።››

ከዚያ በኋላ ያሰናዳሁትን የሚጠይቀኝ ሰው አልተገኘም። ስለ እናትየዋ ትጋት፣ ስለ አባትየው ማምሸት፣ ስለ ጥፋቱ ባለቤት አንድም ጥያቄ ሳይቀርብልኝ ‹‹ይበቃል፣ ይሂዱ›› ተባልኩ። ስወጣ እናትየዋ ቀና ብላ አላየችኝም። አባትየውም አላየኝም።

ሰሎሞን ዘንድ ለፍርድ የቀረቡትን ሁለት ሴቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ልጁ በሰይፍ ከሚከፈል ይቅርብኝ ያለችው እናት ልጇን አገኘች። በዛሬው ኮሪደር የተቀመጡ ወላጆች ግን የሚያምኑት ተቃራኒውን ነው። የለቀቀ ይሸነፋል ይላሉ። ጠበቃውም፣ አጎቱም፣ ጎረቤቱም ‹‹እንዳትለቅ!›› ይላቸዋል። ሁለቱም ስለማይለቁ ልጁን በየፊናቸው ይጎትታሉ። አባት ‹‹ካላሳየችኝ ቀለብ አልቆርጥም›› ይላል፤ እናት ‹‹ቀለብ ካልቆረጠ አላሳየውም›› ትላለች። ቀለቡም መገናኘቱም የልጅቷ መብት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ሲመጣ ደግሞ ‹‹አንተ የማን ወገን ነህ?›› ብለው ያባርሩታል። እኔም በዚያን ዕለት የገባሁት የአንድ ወገን ምስክር ሆኜ ነው፤ ስለዚህ በሌላው ላይ ለመፍረድ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ፍርዱ ከሁለት ወር በኋላ ተሰጠ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር፣ አያቷ ባሉበት በዚያው ግቢ እንድትቆይ፤ አባቷ በየወሩ ቀለብ እንዲከፍል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወስዶ እሑድ እንዲመልሳት ተባለ። እናትየዋ ለአንድ ዓመት ያህል ሰላምታ ነፍጋኝ ነበር፤ ኋላ ልጅቷን የቤት ሥራ እንዳሳያት ስትልካት ነው የታረቅነው። አባትየው መጀመሪያ ላይ ሁለት ቅዳሜ ይመጣና ሦስተኛውን ይቀራል። ልጅቷ ግን ሦስተኛውንም ቅዳሜ ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ ትቀመጥ ነበር። ይህን አያቷ ሄደው ነገሩት። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልቀረም።

ልጅቷ አሁን አድጋለች። ታክሲ ተራው ላይ ከአባቷ ጋር፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከእናቷ ጋር አያታለሁ። አያቷ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። ለቅሶው ላይ ሁለቱም ወገን መጥቶ ነበር፤ አጎቶቹም በየማዕዘናቸው ተቀምጠዋል። አንድ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ልጅቷ ቡና ስታዞር አይቷት ‹‹ይህች የማን ልጅ ናት?›› ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስሟን ነገርኩት።